ስምንት መቶ ሁለት

ይማም ሙሄ መጣ ከሐርቡ በሌሊት፣
ስምንት ኩንታል ማሾ አይሱዙ ጭኖለት።
ቆሜ ተቀበልኩት ከመጋዘኑ በር፣
ብዕር ባንድ ጆሮዬ፣ እርሳስ ባንዱ ነበር።

ሚዛን ጠባቂ ነኝ፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት
ኮምቦልቻ ኪሎ ጠራሁ፣ አንዲት ግራም ሳልስት።

ማሾው ንጹሕ ነበር፤ ዘሃራ ለቅማለች፣
ጠጠርና ነቀዝ በጣቷ ለይታለች።
እጄን ከተትሁበት እስከ ክርኔ ድረስ፣
የጥቅምት ቦርከናን ውኃ እንደመዳሰስ።
«ስምንት መቶ ሁለት» ብላ መርፌዋ ቆመች፤
ይማም ፈገግ አለ፦ «ሁለቷ ያንተ ነች።»

ሚዛኑ አልዋሸም።

ከለይኩን ኪስ ጮኸ የነጋዴው ስልክ፤
ፊቱን ጉም ሸፈነው፣ የሐራጎን መልክ።
«ባሕር ማዶ ያሉት ስብሰባ ላይ ዋሉ፣
በማሾ» አለ «ቀረጥ በፊርማ ጣሉ።
የነሱም ገበሬ ዘንድሮ ሞልቶለት፣
‹ዋጋዬን!› ብሎ ነው የጮኸው፤ ሰሙለት።»

ከጥግ የለቃሚዎች ጣታቸው ቆመ፤
ሰዓዳ ቀና አለች፣ ሥራው አዘገመ።
የቀን ሒሳባቸው በኩንታል ነውና፣
ማሾ ካልተጫነ ነገ የለምና።
ሰዓዳ ባሕር አታውቅ፤ ያየችው በዓይኗ
ሐይቅን ብቻ ነበር፣ ያውም በሠርግ ቀኗ።

ይኸው በዚህ ሁሉ ማሾው አልቀለለም፤
ስምንት መቶ ሁለት፣ አንድ ፍሬ አልጎደለም።
የወረደው ነገር ሚዛኔ ላይ የለም።

ለይኩን ክፉ አይደለም። እስክሪብቶ አወጣ፣
ከካርቶን ጀርባ ላይ ሒሳቡን አመጣ፦

ይህ የጫኝ አውራጅ ነው፤
ይህ የከረጢቱ፤
ይህ የመኪናው ነው፣ እስከ ሚሌ ብቻ፤
ከሚሌ ጅቡቲ ሌላ ነው፣ ናፍጣ ጨምሯል፤
ይህ የኬላው፤
ይህም የኬላው ነው፣ ደረሰኝ የሌለው፤
ይህ ነቀዝ ማጠኛ፣ ማኅተም ያለው ወረቀት ጭምር፤
ይህ የመርከብ ኪራይ፣
መርከቧ ስትዘገይ ደግሞ ወደቡ የሚቆጥረው፤
ይህ ባንክ የሚያስቀረው፣ ከዶላሩ ላይ፤
ይህ አዲሱ ቀረጥ።

«ይህችስ?» አለ ይማም፣
ከግርጌ የቀረች አንዲት ቁጥር
በጣቱ ነክቶ።

«ይህች ያንተ ነች።»

ዝም አልን።

ከሐርቡ እዚህ ድረስ መንገዱ አጭር ነው፤
ኬላና ወረቀት ምድርን አስረዘመው።
አምናስ? ማዶ ገዢ ሲለምነን ቆሞ፣
«መመሪያ ይውጣ» ሲል የኛው ቢሮ ደግሞ፣
ሦስት ወር ከረመ ማሾው ተቆልፎ፤
መመሪያው ሲደርስ ዋጋው ሄዷል አልፎ።
የዚያን ጊዜ ይማም በር በሩን እያየ፣
«ቁልፉ ማን ጋ ነው?» ሲል ስንት ቀን ቆየ!
እኔን ነበር መሰል የሚጠይቀው ሰው፤
እኔ የማውቀው ቁልፍ የመጋዘኑን ነው።

አራቱን ሸጠልን፣ ለማዳበሪያው ዕዳ፤
አራቱን መለሰ፣ ለሌላ ማለዳ።
የመመለሻውን ኪራይ ከኪሱ ቆጥሮ፣
ቆጥሮ፣ እንደገና ቆጥሮ፣
«ዘሃራን ምን ልበላት?» አለ፤
ማንንም አልነበረም።

ሁለቷን ኪሎ ግን ልመልስለት ስል፣
«እሷ ቀረጥ የላት፤ ወስደህ» አለኝ «ቀቅል።»

ማታ ንፍሮ በላን እኔና ልጆቼ።
ትንሹ ጠየቀኝ፣ አፉን ሞልቶ፦
«አባ፣ ይኼ ስንት ያወጣል?»
ዛሬ ስንት ይሁን፣ ነገ ስንት ይሁን፣
ምን ብዬ ልንገረው? አልኩት፦ «ጨው ጨምርበት።»

ደብተሬን ገለጥኩት፤ ሁለት ዓምድ አለበት፣
ባንዱ ላይ ተጽፏል፦ ስምንት መቶ ሁለት።
ሁለተኛው ዓምድ ግን ወረቀቱ ሳስቷል፣
ሦስት ጊዜ ዛሬ ተጽፎ ተፍቋል።

ኪሎውን በብዕር፣ ዋጋውን በእርሳስ
እጽፋለሁ፤ ላጲሴ አለቀች፣ ዓመቱ ሳይደርስ።